ሰንጠረዥ፦ በጨርቅ ላይ የሚሰለፍ ጦር

ሰንጠረዥ የሚለው ቃል በዛሬው አማርኛ ቁጥርና መረጃ የሚሰፍርበትን ባለ ረድፍና ባለ ዓምድ መስመር የሚያመለክት ቢሆንም፣ ቀድሞ የነገሥታትና የመኳንንት የጦርነት ጨዋታ ስም ነበር። ሥሩ የሕንድ «ቻቱራንጋ» ሲሆን ትርጉሙም «አራት ክፍል ያለው» ማለት ነው፤ አራቱም እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ ናቸው። በሩስያ ሠረገላው ወደ ጀልባ ተለውጦ ሰሌዳው ላይ ባሕር ሲገባ፣ በኢትዮጵያ ግን ያው ጠጠር «ደር» እየተባለ በየብስ ቀርቷል።

በኢትዮጵያ የጨዋታው ታሪክ ከነገሥታቱ ቤት ጋር የተያያዘ ነው። በአባይና በበሽሎ ሸለቆዎች መካከል የሚገኘው የመካነ ሰላምና የሳይንት ደጋ፣ በመካከለኛው ዘመን ቤተ አምሐራ ከሚባለው የነገሥታት ምድር ይቆጠር ነበር። አፄ በእደ ማርያም (1468–1478 እ.ኤ.አ.) የአትሮንሰ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት በዚሁ በቤተ አምሐራ ሲሆን፣ የቬኒሱ ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሊዮንም እዚያ እንደ ሣለ ይነገራል። በልጅ ልጃቸው በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ደግሞ ሌላው የቬኒስ ሠዓሊ ሂሮኒሞ ቢቺኒ ከንጉሡ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወት እንደ ነበር በጽሑፍ ተመዝግቧል። የዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት ከአገር አገር የሚዞር የድንኳን ከተማ ስለ ነበር፣ ተጠቅልሎ በበቅሎ የሚጫን ሰሌዳ እጅግ የሚስማማው ይመስላል። ከ1531 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢማም አሕመድ ጦር በቤተ አምሐራ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥል ያ የጥበብ ዓለም ፈረሰ፤ ጨዋታው ግን ተረፈ።

ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነው፤ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ አግድምና ቁልቁል ተሰፍቶበት 64 ቤት ይወጣለታል፤ ቤቶቹ ግን እንደ ዛሬው ቼዝ ነጭና ጥቁር አይደሉም። ከዝሆን ጥርስ ወይም ከቀንድ ከሚሠሩት ጠጠሮች መካከል «መደቅ» እግረኛው፣ «ፈርዝ» በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ የሚሄደው የንጉሡ ባልደረባ፣ «ፊል» ማለትም ዝሆኑ ደግሞ በሰያፍ አንድ ቤት ዘሎ የሚያርፈው ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው አጀማመሩ ነው። «ወረራ» በሚባለው በዚህ ክፍል ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ የፈለጉትን ያህል ጠጠር እያንቀሳቀሱ፣ የባላንጣቸውን እጅ እየተከታተሉና ያሰለፉትን መልሰው እያፈረሱ ይቆያሉ፤ ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድ ጄን በ1898 እ.ኤ.አ. ደንቡን ካሳተመው ጨዋታ ወዲህ በጠረጴዛ ላይ በሚካሄዱ ብዙ የባሕር ጦርነት ጨዋታዎች ሁለቱ ወገን መርከቦቻቸውን በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀሳቸው እንደ ብልሃት ይቆጠራል፤ የኢትዮጵያ ሊቃውንተ ጨዋታ ግን ይህን ከዚያ አስቀድመው ያውቁት ነበር።

ጨዋታው የሁለት ሰው ብቻም አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጫወቱ ያየው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት፣ በዙሪያው የቆሙት ሁሉ፣ አገልጋዮች ሳይቀሩ፣ ምክራቸውን ይሰነዝሩ እንደ ነበር ጽፏል። ማሸነፉም እንዲሁ ማዕረግ ነበረው፤ ንጉሡን በብርቱዎቹ በደር ወይም በፈረስ መግደል ብዙም የማያስከብር ሲሆን፣ በደካሞቹ በፊልና በፈርዝ ማጥመድ ግን የተመልካቹን አድናቆት ያተርፍ ነበር።