ከድባቴ ሕመም ያገገመ አንጎል፦ የኬሚካልና የምስል ምርመራ ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

የድባቴ ሕመም ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በሚቆይ ጥልቅ ሐዘን ወይም ፍላጎት ማጣት የሚገለጽ፣ እንቅልፍን፣ የምግብ ፍላጎትን፣ ሥራንና ማኅበራዊ ኑሮን የሚያውክ የአእምሮ ሕመም ነው። ሕመሙ በሕክምና የሚድን ቢሆንም ሊያገረሽ ይችላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከታመሙት መካከል ግማሽ ያህሉ በሌላ ጊዜ ዳግም ይታመማሉ። በመሆኑም «ደኅና ከሆንኩ በኋላ መድኃኒቱን ለምን እቀጥላለሁ?» ለሚለው የብዙ ተገልጋዮች ጥያቄ ምላሽ የሚሆን መረጃ ከዚህ በታች ቀርቧል።

የአንጎል ኬሚካሎች

የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡት እንደ ሴሮቶኒን፣ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ባሉ ኬሚካሎች አማካይነት ነው። ሰውነት ሴሮቶኒንን የሚያመርተው ከምግብ ከሚያገኘው ትሪፕቶፋን ከተባለ ንጥረ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ በሆነ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ከተደጋጋሚ ድባቴ ያገገሙና መድኃኒት የማይወስዱ 15 ሴቶች ትሪፕቶፋን የሌለበት መጠጥ እንዲወስዱ ተደረገ። ከእነዚህም 10ሩ በሰዓታት ውስጥ ጊዜያዊ የድባቴ ምልክት ታየባቸው። ትሪፕቶፋን ያለበትን መጠጥ በወሰዱበት ቀን ግን ይህ አልተከሰተም።

ይህ ውጤት ያገገመ ሰው አንጎል ለኬሚካል መዛባት ተጋላጭ ሆኖ ሊቆይ እንደሚችል ያመለክታል። ነገር ግን ድባቴ በሴሮቶኒን ማነስ ብቻ ይመጣል ማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ለዚህ አመለካከት ወጥ የሆነ ማስረጃ አላገኘም። የዘር ተጋላጭነት፣ ሐዘን፣ የኑሮ ጫናና የአካል ሕመምም ድርሻ አላቸው።

የአንጎል ምስል ምርመራ

ፔት ስካን የአንጎልን የደም ፍሰትና የኬሚካሎችን እንቅስቃሴ፣ ኤምአርአይ ደግሞ የአንጎልን ቅርጽ፣ መጠንና የሥራ እንቅስቃሴ ለማየት ያገለግላሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ የፔት ስካን ጥናት፣ ከድባቴ ያገገሙ ሰዎች አሳዛኝ ትዝታ እንዲያስታውሱ ሲደረግ፣ በአንጎላቸው የፊት ክፍል የታየው የደም ፍሰት ለውጥ በሕመም ላይ ካሉት ጋር ተመሳሳይ፣ ታመው ከማያውቁት ግን የተለየ ነበር።

ሆኖም እነዚህ ልዩነቶች የሚታዩት የብዙ ሰዎች አማካይ ውጤት ሲነጻጸር ነው። የአንድን ግለሰብ ምስል ብቻ በማየት ድኗል ወይም አልዳነም ብሎ መወሰን አይቻልም። ስለሆነም መዳንን ለማረጋገጥ ሲባል ለኤምአርአይ ምርመራ ወጪ ማውጣት አያስፈልግም። ሐኪም ምስሉን የሚያዝዘው በዋናነት እንደ ዕጢ ያለ ሌላ የአንጎል ችግር ሲጠረጠር ነው።

መድኃኒትን ስለማቋረጥ

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ መድኃኒቱ ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ ለረጅም ጊዜ መድኃኒት ሲወስዱ በቆዩና ማቆም እንደሚችሉ በተሰማቸው 478 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይፋ ሆኗል። በአንድ ዓመት ውስጥ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ካቆሙት 56 በመቶው፣ ከቀጠሉት ደግሞ 39 በመቶው ሕመሙ አገርሽቶባቸዋል። ማቆም የሚቻል ቢሆንም ክትትል እንደሚያሻው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በዚህም መሠረት ተገልጋዮች፦

• መድኃኒቱን በራሳቸው ውሳኔ በድንገት እንዳያቋርጡ፤ ለማቆም ሲፈልጉ ከባለሙያ ጋር ተመካክረው መጠኑን ቀስ በቀስ እንዲቀንሱ፤
• ጠበል የሚጠመቁ ወይም በጸሎት የሚተጉ ሕክምናቸውን ጎን ለጎን እንዲቀጥሉ፤
• የእንቅልፍ መዛባት፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ከሰው መራቅ ሲጀምር ሳይዘገዩ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ይመከራል።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ የመጣበት ሰው ብቻውን ሊተው አይገባም፤ ቤተሰብ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሊያደርሰው ይገባል።