ኤፒንግ ሰላም ናት? የአንዲት ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ የወንጀል ቁጥር እንዴት ይነበባል?

በ2025 ኤፒንግ የምትባል ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ የዓለም ዜና ሆና ነበር። ነገሩ እኛንም ይነካል፤ ወንጀሉን የፈጸመው ግለሰብ ኢትዮጵያዊ ጥገኝነት ጠያቂ ነው። ከዚያ ወዲህ "እዚያ አገር ትንንሾቹ ከተሞች እንዲህ ወንጀል በዝቶባቸዋል እንዴ?"፣ "እዚያ ያሉት የኛ ልጆችስ ደህና ናቸው?" ማለት የተለመደ ሆኗል።

መልሱ በ"አዎ" ወይም በ"አይ" ብቻ አያልቅም። ስለዚህ የተፈጠረውን ነገር፣ የወንጀል ቁጥር እንዴት እንደሚቆጠር፣ ሰፈሩን ማን እንደሚጠብቅና ችግር ሲገጥም ምን እንደሚደረግ በአንድ ቦታ ሰብስበናል። እንግሊዝ ያላችሁ፣ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ፣ ሴቭ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ቀናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

🔹 ኤፒንግ የት ናት?

ኤፒንግ ከለንደን በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ኤሴክስ ውስጥ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። ነዋሪዋ 12 ሺህ ገደማ ነው። ገበያ እንድታቆም ፈቃድ ያገኘችው በ1253 በንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ ዘመን ሲሆን፣ የሰኞ ገበያዋ ዛሬም አለ። ሴንትራል ላይን የሚባለው የለንደን ባቡር መጨረሻ ጣቢያውም እዚሁ ነው።

ይህ ማለት ጠዋት ለሥራ ወደ ለንደን የሚወጣ፣ ለገበያ የሚመጣ፣ ኤፒንግ ፎረስት የሚባለውን ጥንታዊ ደን ሊያይ የሚመጣ ሰው አለ ማለት ነው። ይቺን ነገር ያዙልን፤ ቁጥሩ ላይ ስንደርስ ታስፈልገናለች።

🔹 ምን ተፈጠረ?

▪️ ግለሰቡ በትንሽ ጀልባ እንግሊዝ የገባው ጁን 29 ቀን 2025 ነው። መንግሥት ጥገኝነት ጠያቂዎችን ያስቀመጠበት ቤል ሆቴል ውስጥ ይኖር ነበር።

▪️ ጁላይ 8 ተያዘ። ሴፕቴምበር 4 ፍርድ ቤት በ5 ክሶች ጥፋተኛ ነህ አለው። ከክሶቹ መካከል በአንዲት የ14 ዓመት ታዳጊና በአንዲት አዋቂ ሴት ላይ የፈጸማቸው ወሲባዊ ጥቃቶች ይገኙበታል። ሴፕቴምበር 23 የ12 ወር እስራት ተፈረደበት።

▪️ ከጁላይ አጋማሽ ጀምሮ ሆቴሉ ፊት ለፊት ተቃውሞ ተነሳ። ብዙዎቹ ድምፃቸውን ለማሰማት የወጡ ነዋሪዎች ነበሩ፤ የተወሰነው ግን ወደ ብጥብጥ ተቀየረ፣ ፖሊሶችም ተጎዱ። ስደተኞችን የሚደግፉ ሰዎችም በሌላ ወገን ወጥተዋል። ሆቴሉ ውስጥ በወቅቱ 138 ወንዶች ነበሩ።

▪️ የአካባቢው ምክር ቤት ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ክሱ የወንጀል ክስ አልነበረም። ክርክሩ "ሆቴሉ የተፈቀደለት ለእንግዳ ማረፊያነት ነው፣ ያለ ፈቃድ አገልግሎቱን ቀይሯል" የሚል የፕላን ሕግ ክርክር ነው። ኦገስት 19 ጊዜያዊ እግድ ተሰጠ፤ ኦገስት 29 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እግዱን አነሳው፤ ኖቬምበር 11 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቋሚ እግድ አልሰጥም አለ።

▪️ ኦክቶበር 24 ሌላ ነገር ተፈጠረ። እስረኛው ከቼልምስፎርድ ወህኒ ቤት በስህተት ተለቀቀ! ከሁለት ቀን በኋላ ሰሜን ለንደን ፊንስበሪ ፓርክ አካባቢ ተይዞ በዚያው ሳምንት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ሲሄድ መመለሱን እንዳያደናቅፍ 500 ፓውንድ መሰጠቱም ሌላ ቁጣ ቀስቅሷል።

ስህተቱ ደግሞ የአንድ ቀን ስህተት ብቻ አልነበረም። እስከ ማርች 2025 ባለው አንድ ዓመት ውስጥ በእንግሊዝና ዌልስ 262 እስረኞች በስህተት ተለቀዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 115 ነበሩ።

🔹 አንድ ወንጀልና የወንጀል መጠን ለየቅል ናቸው

አንድ ከባድ ወንጀል ስለተፈጸመ ከተማዋ በሙሉ አደገኛ ናት ማለት አይቻልም። በተቃራኒው ደግሞ "ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው" ብሎ የተጎዳችውን ልጅ ሕመም ማቃለል አይቻልም። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ይቻላል።

ታዲያ መጠኑ እንዴት ይለካል? እንግሊዝና ዌልስ ሁለት መለኪያ አላቸው።

1️⃣ ፖሊስ የመዘገበው። ሰው ሪፖርት ያደረገውና ፖሊስ መዝገብ ላይ ያሰፈረው ነው። ችግሩ ሰው ካልተናገረ አይቆጠርም። ተናግሮም ላይመዘገብ ይችላል። በ2014 የፖሊስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባደረገው ምርመራ፣ ለፖሊስ ከተነገሩት ወንጀሎች 19 በመቶው ሳይመዘገቡ መቅረታቸው ተገኝቷል። በዚያው ዓመት የፖሊስ መዝገብ "ብሔራዊ ስታቲስቲክስ" የሚባለውን የጥራት ማዕረጉን ተነጠቀ። ከዚያ በኋላ አመዘገቡ ተሻሻለ፤ ሲሻሻል ደግሞ ቁጥሩ ከፍ አለ። ልብ በሉ፦ ቁጥር ከፍ ሲል ወንጀል ጨመረ ማለት ላይሆን ይችላል፣ አመዘገቡ ተሻሽሎ ወይም ተጎጂዎች ደፍረው መናገር ጀምረው ሊሆን ይችላል።

2️⃣ የወንጀል ዳሰሳ ጥናት። ይህ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚካሄድ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች "ባለፉት 12 ወራት ምን ደረሰባችሁ?" ተብለው ይጠየቃሉ። ለፖሊስ ያልተነገረውንም ይይዛል። ግድያን ግን አይዝም (የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም)፣ በሱቆች ላይ የሚፈጸም ስርቆትንም አይዝም።

በዳሰሳው መሠረት እስከ ማርች 2025 ባለው ዓመት በእንግሊዝና ዌልስ 9.4 ሚሊዮን ገደማ ወንጀሎች ተፈጽመዋል። ከዚህ ውስጥ 4.2 ሚሊዮኑ ማጭበርበር ነው። ብዙው የሚመጣው በስልክና በኢንተርኔት በኩል ነው። ማጭበርበርን ትተን ሌላውን ብቻ ካየን፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጋር ሲነጻጸር ወንጀል በጣም ቀንሷል።

ሁሉም ግን አልቀነሰም። በዚያው ዓመት ፖሊስ ከ530 ሺህ በላይ የሱቅ ስርቆት መዝግቧል፤ ከ2003 ወዲህ ከፍተኛው ነው። የትንንሽ ከተማ ነዋሪ በዓይኑ የሚያየው ይሄን ነው። ስለዚህ "ወንጀል ቀንሷል" ሲሉት ባያምን አይገርምም።

🔹 የከተማዬን ቁጥር የት አገኛለሁ?

ፖሊስ ዶት ዩኬ የሚባል የመንግሥት ድረ ገጽ አለ። ከ2011 ጀምሮ የየመንገዱን ወንጀል በካርታ ያሳያል። ፖስት ኮድ ማስገባት ብቻ ነው። ግን ከማመናችሁ በፊት አራት ነገር እወቁ፦

📌 ካርታው ላይ ያለው ነጥብ ትክክለኛው ቤት አይደለም። የተጎጂ ማንነት እንዳይታወቅ ሆን ተብሎ በአቅራቢያው ወዳለ ቦታ ይዛወራል። "እዚህ ቤት ነው የተፈጸመው" ብላችሁ ሰው ላይ ጣት እንዳትቀስሩ።

📌 "የኃይልና ወሲባዊ ጥቃቶች" የሚለው ምድብ ሰፊ ነው። ከግድያ ጀምሮ ማስፈራራትን፣ ክትትልንና ትንኮሳን ሁሉ አንድ ላይ ይከታል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ሁሉም ደም የፈሰሰበት ነው ማለት አይደለም።

📌 "ፀረ ማኅበራዊ ባህሪ" የሚባለው፣ ማለትም ጩኸት፣ ሰክሮ መረበሽ፣ በሞተር ሰፈር መበጥበጥ፣ ካርታው ላይ ይታያል እንጂ በይፋዊው የወንጀል ድምር ውስጥ አይገባም።

📌 ትንሽ ከተማ ላይ ፐርሰንት ያሳስታል። ለምሳሌ ባለፈው ዓመት 2 ዝርፊያ የነበረባት ከተማ ዘንድሮ 4 ቢኖርባት "ዝርፊያ መቶ በመቶ ጨመረ!" የሚል አርዕስት ይወጣል። ውሸት አይደለም፣ ግን ልዩነቱ ሁለት ነው። ፐርሰንት ስታዩ ሁሌም "ከስንት ወደ ስንት?" ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ያዙልን ያልናችሁ ነገር ላይ ደረስን። የወንጀል መጠን የሚሰላው ወንጀሉን ለነዋሪው በማካፈልና በሺህ በማባዛት ነው። እንበልና 12 ሺህ ሰው ባለበት 900 ወንጀል ቢመዘገብ፣ ከሺህ ሰው 75 ይሆናል። ግን ተጎጂውም ፈጻሚውም ለገበያ የመጣ፣ ባቡር የሚጠብቅ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የሚካፈለው ግን ለነዋሪው ብቻ ነው። የዚህ ትልቁ ማሳያ ሲቲ ኦፍ ለንደን የሚባለው የባንኮች ሰፈር ነው። ነዋሪው ጥቂት ነው፣ በየቀኑ ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ይገባበታል። በነዋሪ ሲካፈል የአገሪቱ አስፈሪ ቦታ ይመስላል። ባቡር ጣቢያና ገበያ ያላቸው ከተሞችም በትንሹ እንዲሁ ናቸው።

🔹 ሰፈሩን ማን ይጠብቃል?

▪️ የሰፈር ፖሊስ ቡድን። እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ አለው፤ የፖሊሶቹን ስምና የስብሰባ ቀን በዚያው ድረ ገጽ ማየት ይቻላል። አብረዋቸው ፒሲኤስኦ የሚባሉ በ2002 ሕግ የመጡ ረዳቶች ይሠራሉ። ዩኒፎርም ይለብሳሉ፣ በእግር ይዘዋወራሉ፣ ግን እንደ ፖሊስ የማሰር ሥልጣን የላቸውም።

▪️ የአካባቢ ምክር ቤት። በ1998 በወጣው ሕግ መሠረት ምክር ቤቱ፣ ፖሊስ፣ እሳት አደጋ፣ የጤና ተቋማትና ሌሎችም ተቀናጅተው ወንጀልን የመቀነስ ግዴታ አለባቸው። የመንገድ መብራት፣ ካሜራ፣ የወጣት ማዕከል የሚሉት ጥያቄዎች የሚሄዱት ወደዚህ ነው።

▪️ ኔበርሁድ ዎች። ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠብቅበት የበጎ ፈቃድ ማኅበር ነው። እንግሊዝ ውስጥ የጀመረው በ1982 ቼሻየር ውስጥ ሞሊንግተን በምትባል መንደር ነው። ከኛ "ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይበልጣል" ጋር ይመሳሰላል። ሥራው ማየትና ማሳወቅ ነው። ሰው ማስቆም፣ መታወቂያ መጠየቅ፣ መፈተሽ አይፈቀድለትም።

🔹 ችግር ሲገጥም ምን ላድርግ?

☎️ 999፦ አሁን እየተፈጸመ ያለ ወንጀል ወይም የሕይወት አደጋ ሲኖር። መናገር ካልቻላችሁ ከሞባይል ደውላችሁ ስትጠየቁ 55 ተጫኑ፤ ወደ ፖሊስ ያዛውራችኋል። ዝም ብሎ መደወል ብቻውን አይበቃም።

☎️ 101፦ አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ "አምሃሪክ" ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ።

☎️ 0800 555 111፦ ክራይምስቶፐርስ ነው። ስማችሁን ሳትናገሩ ጥቆማ መስጠት ትችላላችሁ። ፖሊስ አይደለም፣ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው።

☎️ 0808 16 89 111፦ ቪክቲም ሰፖርት። ወንጀል የደረሰበት ሰው ለፖሊስ ባይናገርም እንኳ በነፃ ያግዛሉ።

☎️ 159፦ "ከባንክ ነው የምንደውለው" የሚል አጠራጣሪ ስልክ ከመጣ ዝጉና እዚህ ደውሉ፤ ከአብዛኞቹ ባንኮች ጋር በቀጥታ ያገናኛል።

📱 የስልካችሁን መለያ ቁጥር ዛሬውኑ *#06# ብላችሁ አውጡና ወረቀት ላይ ጻፉት። ስልኩ ከጠፋ በኋላ ይጠየቃል፣ ያኔ ደግሞ ማየት አይቻልም።

⚠️ ከአገር ቤት ለሚሄዱ፦ ራስን ለመከላከል ብሎ ፔፐር ስፕሬይ መያዝ እንግሊዝ ውስጥ ወንጀል ነው። ለወሲብ ፈቃድ መስጫ ዕድሜ 16 ነው። "አላውቅም ነበር" ብሎ ነገር አያድንም።

🔹 ወሬና ሐሜት

በጁላይ 2024 ሳውዝፖርት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሦስት ሕፃናት በስለት ተገደሉ። በሰዓታት ውስጥ "ገዳዩ በጀልባ የገባ ጥገኝነት ጠያቂ ነው" የሚል ወሬ በሶሻል ሚዲያ ተሰራጨ። ውሸት ነበር፤ ፈጻሚው እዚያው ብሪታንያ የተወለደ ልጅ ነው። በተነሳው ብጥብጥ ግን መስጊድ ተደብድቧል፣ ስደተኞች ያሉባቸው ሆቴሎች ተጠቅተዋል። በኤፒንግ ደግሞ ክሱ በፍርድ ቤት ተረጋግጧል። አንዱ ወሬ ውሸት ሆኖ ተገኘ፣ ሌላው እውነት። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት እስኪናገሩ ሼር አለማድረግ ነው።

ለኛም የሚሆን ነገር አለው። አንዳንዱ "የኛ ልጅ ነው፣ ገመናችንን አናውጣ" ብሎ ተጎጂዋን ይረሳል። አንዳንዱ ደግሞ ለሁሉም ሐበሻ አንገት ይደፋል። ወንጀሉ የፈጸመው ሰው ነው፤ ፍርዱም በስሙ ነው የተጻፈው። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ምክንያት ስድብ ወይም ጥቃት ከደረሰባቸው፣ ያ ራሱ በእንግሊዝ ሕግ የጥላቻ ወንጀል ነውና በ101፣ አስቸኳይ ከሆነ በ999 ያሳውቁ። ካልተነገረ አይቆጠርም፣ ካልተቆጠረ ደግሞ እንዳልተፈጸመ ነው የሚታየው።

🔹 ባጭሩ

ኤፒንግ ሰላም ናት ወይስ አይደለችም? ከባድ ወንጀል ተፈጽሞባታል፣ ፈጻሚው ተፈርዶበታል፣ መንግሥትም በአለቃቀቁ ተሳስቷል። ይህ ግን የአንድ ሰው ወንጀልና የአንድ መሥሪያ ቤት ስህተት ነው። ስለ ከተማዋ ለመፍረድ የበርካታ ዓመታት ቁጥር፣ ከተመሳሳይ ከተሞች ጋር ተነጻጽሮ መታየት አለበት። የምትኖሩበትን ከተማ ፖስት ኮድ አስገቡና ራሳችሁ እዩት። ከላይ ያሉትን አራት ነጥቦች ግን አትርሱ።

እንግሊዝ ላለ ወዳጃችሁ ስልክ ቁጥሮቹን አጋሩት።