ከሴባስቶፖል እስከ ዶቅዶቄ

የ2011 ዓ.ም. የገና ማግስት ማታ ነበር። ላሊበላ ከእንግዶቿ ገና አልተላቀቀችም። ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣው ምእመን ስንቁን ቋጥሮ ለመመለስ ይሰናዳል፤ አውቶብሶቹና ቅጥቅጦቹ ደግሞ ለነገው ጉዞ ጎማቸውን ያስነፋሉ። እኔም የቀኑን ድካም ላራግፍ ብዬ ከአንድ ጠጅ ቤት ጎራ አልሁ። ከጎኔ ባለው አግዳሚ ላይ ከአዲስ አበባ ቱሪስት ጭነው የመጡ ሾፌሮችና ሁለት የከተማው ወጣቶች ብርሌያቸውን ይዘው ወግ ደርቶላቸዋል። ወጋቸው ስለ ሞተር ነበር።

አንዱ ‹‹የእኔዋ ላንድክሩዘር ስድስት ሲሊንደር ናት፤ አስነሥተሃት ኮፋኖዋ ላይ ሲኒ ሙሉ ቡና ብታስቀምጥ ጠብ አይልም›› ይላል። ሌላው ይቀበልና ‹‹ለስላሳነት ለአስፋልት ነው፤ ድልብን ለሚወጣ ጉልበት እንጂ ልስላሴ ምን ያደርግለታል?›› ሲል ይሞግታል። ከወጣቶቹ አንዱ ‹‹እናንተ ተራራውን በመስኮት ነው የምታዩት፤ ተራራ በዶቅዶቄ ካልታየ አልታየም!›› ቢል ሁሉም ሣቁ። እኔም አባቴ በነበረችው አሮጌ ቮልስዋገን ድምፅ ያደግሁ፣ የመኪና ነገር ሲነሣ ዝም ማለት የማልችል ሰው ነኝና ሳልጋበዝ ከወጉ ገባሁ።

ከማዕዘኑ በኩል ጋቢ የደረቡ አንድ አዛውንት ጸጥ ብለው ያዳምጡን ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲያሽከረክሩ ኖረው በጡረታ ያረፉ ሰው ናቸው አሉኝ። ወጣቱ ዞር ብሎ ‹‹አባባ፣ አንቱስ ምን ይላሉ? የትኛው ሞተር ይበልጣል?›› ሲል ጠየቃቸው።

እሳቸውም ብርሌያቸውን አስቀምጠው ‹‹ልጆቼ፣ ሞተሩንስ እናንተው አውቃችሁታል። እኔን የሚገርመኝ መንገዱን ማን እንደ ሠራው የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው›› አሉ።

ያቺ ንግግር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከኅሊናዬ አልወጣችም። የመኪና ፍቅር ያለን ሰዎች ስለ ፈረስ ጉልበትና ስለ ማርሽ ስንጫወት እናመሻለን። ከጎማው በታች ያለውን ታሪክ ግን አንጠይቅም። እስኪ በዚች አጭር ጽሑፍ የአዛውንቱን ጥያቄ ልከተላት።

* * *

ከላስታ በስተ ደቡብ፣ በዋድላና በደላንታ አምባ ላይ፣ ከባድ መሣሪያ በጎማ የሚሄድበት መንገድ የተጠረገው መኪና ከመምጣቱ ብዙ ዓመታት በፊት ነው። ያስጠረጉት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያቀለጡላቸው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ሰባ ኩንታል ያህል እንደሚመዝን ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ይህን መድፍ እስከ መቅደላ ለመውሰድ ቆረጡ። በመካከሉ የጨጨሆ አፋፍ፣ የጅዳና የበሽሎ ገደል አለ። እነዚያን ገደሎች ሰው ብቻውን ለመውረድ እንኳ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል።

መድፉ ሞተር አልነበረውም። ሞተሩ በጠፍር የሚጎትተው በመቶ የሚቆጠር ሰው ነበር። ድንጋይ ተፈለጠ፤ አፈር ተዛቀ፤ ዳገቱ ላይ ጠመዝማዛ መንገድ ተቆረጠ። ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እየተሸከሙ ሠራተኛውን ያበረታቱ ነበር። መድፉ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ዛሬ አንድ መኪና በአንድ ቀን የሚጨርሰውን የሚመስል ርቀት አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀ። በሚያዝያ 6 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል ግን እስከ ዛሬ ከመቅደላ አምባ ላይ አለ፤ ምስሉም አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

ከሰሜን በኩል ይመጣ የነበረው የጄኔራል ናፒየር ጦርም የራሱን መሣሪያ የሚያጓጉዝበት ዘዴ ነበረው። ከሕንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች ከባዱን መድፍ አሸክሞ፣ ከዙላ ተነሥቶ በትግራይ፣ በዋግና በላስታ ምድር አቋረጠ። የሚያስገርመው ደግሞ የእንግሊዙ ጦር ዋድላ ሲደርስ ጅዳን ወርዶ ደላንታ የወጣው ቴዎድሮስ ባስጠረጉት በዚያው መንገድ መሆኑ ነው። ንጉሡ ለመድፋቸው የሠሩት መንገድ ጠላታቸውን ወደ እሳቸው አደረሰ። መንገድ ጌታ አይመርጥምና።

* * *

መኪና የሚባለው ነገር አዲስ አበባ የገባው ከዚያ አርባ ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሓውንና ገደሉን አቋርጦ መኪናውን ለአፄ ምኒልክ አደረሰ፤ ንጉሡም ተሳፈሩባት። ይሁን እንጂ መኪና ብቻውን ምን ያደርጋል? ያኔ ከከተማው ወጣ ሲሉ የሚጠብቀው የበቅሎ መንገድ ነበር። ለላስታ ሰው መኪና ገና የሩቅ ወሬ ነበረች።

ወደ ወሎ ደጋማ ምድር የመኪና መንገድን በሰፊው የዘረጋው የጣሊያን ወረራ ነው። ከአዲስ አበባ በጣርማ በር ዋሻ አድርጎ፣ በደሴና በወልድያ በኩል እስከ አሥመራ የሚዘልቀው መንገድ በአምስቱ ዓመት ዘመን ለመኪና ተደላደለ። ፋሺስት መንገዱን የሠራው ለእኛ ሽርሽር አልነበረም። ወታደሩንና ስንቁን ፈጥኖ ለማድረስ፣ አርበኛውንም ለማሳደድ ነበር። ሲባረር መንገዱን ጥሎልን ሄደ። ቃላቱንም ጥሎልን ሄደ። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኮፋኖ፣ ካቻቪቴ፤ ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው። በዚያ ማታ ጠጅ ቤት ውስጥ የተጫወትነው ወግ ግማሹ በወራሪ ቋንቋ እንደ ነበር ያስተዋልሁት ቆይቼ ነው። አሁን ግን ቃላቱ የእኛ ሆነዋል። የላስታ ረዳት ‹‹ባሌስትራው ተሰበረ!›› ብሎ ሲጮኽ ሮምን የሚያስብ የለም።

ላሊበላን ከወልድያና ከጣና አካባቢ ጋር ያገናኘው ሌላው ታላቅ መንገድ ታሪኩ በቻይና በኩል ይዞራል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤጂንግን ጎብኝተው ከማኦ ጋር ተገናኙ፤ ከዚያ ወዳጅነት ከተገኙት ፍሬዎች አንዱ የወረታ ወልድያ መንገድ ነው። ሥራው ሲከናወን ንጉሡ ከዙፋናቸው ወርደው ዘመኑ የደርግ ሆኖ ነበር። የአገሬው ሰው እስከ ዛሬ ‹‹የቻይና መንገድ›› ይለዋል። ይህ መንገድ በደብረ ታቦርና በጨጨሆ በኩል ያልፋል። ሴባስቶፖል በሰው ትከሻ ባለፈበት አገር ዛሬ ሲኖትራክ ያልፋል።

* * *

ወደ ሞተሩ ወግ ልመለስ፤ ያለ እርሱ የአዛውንቱ ነገር ግማሽ ይሆናልና።

ከወልድያ ተነሥቶ ድልብን መውጣት ለመኪና ወዳጅ ታላቅ ደስታ ነው። መንገዱ እንደ እባብ እየተጥመዘመዘ ሲወጣ የታችኛው አገር ሙቀት ከኋላ ይቀራል፤ ከላይ የገብስ ማሳና የደጋ ብርድ ይቀበላል። ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ተገንጥሎ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላሊበላ ይወረዳል። እኔ በሄድሁበት ዘመን ይህ ክፍል ፒስታ ነበር። ቀና ሲሉ ከ4,200 ሜትር የሚበልጠው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ ዝቅ ሲሉ የተከዜ ምንጮች የሚጀምሩበት ሸለቆ ይታያል።

ይህ ሁሉ ውበት ለሞተሩ ፈተና ነው። ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ነዳጁን የሚያቃጥለው በሚስበው አየር ነው። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ተርቦ የሌለው ሞተር 1,000 ሜትር በወጣ ቁጥር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛውን ያህል ያጣል። ካርቡራተር ያለው የቀድሞ መኪና አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ይተፋል። ውኃም እዚያ ከፍታ ላይ በ90 ዲግሪ ግድም ስለሚፈላ፣ የራዲያተሩ ክዳን የላላ እንደ ሆነ መኪናው ዳገቱ መሐል እንፋሎት ያወጣል። የአባቴ ቮልስዋገን በአየር የምትቀዘቅዝ ስለ ነበረች ከዚህ ጣጣ ነፃ ነበረች፤ ጉልበቷ ግን እንደ ስሟ አልነበረም። ቁልቁለቱ ደግሞ የባሰ ነው። ፍሬን ብቻ ረግጦ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል። ‹‹በወጣህበት ማርሽ ውረድ›› የሚሉት ነባሮቹ ለዚህ ነው።

የልስላሴውም ምስጢር ይህ ነው። ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር ሲደረደሩ የአንዱ ፒስተን መውጣት የሌላውን መውረድ ስለሚያጣፋ ንዝረቱ ይጠፋል፤ በአንድ ዙርም ሦስት ጊዜ ይቀጣጠላል። አንድ ሲሊንደር ያላት ሞተር ሳይክል ግን በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ስለምትቀጣጠል ምቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ዶቅ፣ ዶቅ፣ ዶቅ። ስሟን ያወጣላት ሕዝብ መሐንዲስ ሳይሆን ጆሮው ነግሮታል።

* * *

ይህን ሁሉ ለአዛውንቱ በኩራት ተረክሁላቸው። ሰምተው ሲያበቁ ራሳቸውን ነቀነቁና የራሳቸውን ተረኩልኝ።

‹‹በ77ቱ ክፉ ቀን እህል ጭኜ ከአላማጣ ወደ ኮረም ግራካሶን እወጣ ነበር። ሞተሩ ያጓራል፤ ራዲያተሩ ይፈላል፤ ረዳቴ ድንጋይ ይዞ ከጎማው ኋላ ይሮጣል። አንተ ስለ ንዝረት ትለኛለህ፤ እኔ ንዝረቱን አላስታውሰውም። የሚታየኝ ከላይ ሜዳው ላይ የተቀመጠው ሕዝብ ነበር። ልጄ፣ ለእኔ ለስላሳ ሞተር ማለት የሚደርስ ሞተር ነው።››

ከዚህ በኋላ ማናችንም ስለ ሲኒው ቡና አላነሣንም።

መድረስ ግን በፍጥነት ብቻ አይለካም። በ1959 ዓ.ም. ዴርቭላ መርፊ የተባለች አየርላንዳዊት ጸሐፊ ከምጽዋ ተነሥታ፣ በጉዞዋ መካከል ጆክ ብላ የሰየመችውን በቅሎ አስከትላ፣ በላሊበላ በኩል አድርጋ አዲስ አበባ ገብታለች። ይህች ሴት ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአየርላንድ እስከ ሕንድ በብስክሌት የተጓዘች ናት፤ ጎማን ጠልታ አልነበረም። አገሩ የሚያስተናግደው በቅሎን መሆኑን ስላወቀች ነው። የገና ምእመናንም ዛሬ መንገድ እያለ ብዙዎቹ ለቀናት በእግራቸው የሚመጡት አማርጠው ነው። ድካሙ ራሱ የስለቱ ክፍል ነው።

ያ ማታ ካለፈ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ጦርነቱ መጣ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጋሸና፣ ያቺ እንግዳ ሁሉ ሻይ የሚጠጣባት መገንጠያ፣ የጦር ግንባር ሆነች። ላሊበላም ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። ቱሪስት የሚመጣበት መንገድ መድፍ የሚመጣበት ሆነ። በ1860 እንደ ሆነው ሁሉ መንገዱ አሁንም ጌታ አልመረጠም። ነገሩ በረድ ሲል ለዚያ ለዶቅዶቄው ወጣት ስልክ ደወልሁለት። ‹‹ዶቅዶቄህስ?›› አልሁት። ‹‹ሸጥኋት፤ እህል ገዛንባት›› አለኝ። ድምፁ ውስጥ ምሬት አልነበረም፤ እኔን ግን ለረጅም ጊዜ ዝም አሰኘኝ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ ያንኑ መንገድ ደጋግሞ ዘግቶበታል።

ያች ዶቅዶቄ ምቷ የሚቆጠር፣ ሲኒ ቡና ቀርቶ ባዶ ሲኒ የማታቆም ነበረች። በአዛውንቱ ሚዛን ግን ከሁሉ የለሰለሰችው እርሷ ሳትሆን አትቀርም፤ በክፉ ቀን ለአንድ ቤተሰብ ደርሳለችና።

የሞተር ወግ ዛሬም እወዳለሁ። ጥሩ ሞተር ስሰማ ዛሬም ጆሮዬ ይቆማል። ብቻ ዳገቱ መሐል ማርሽ ስቀንስ፣ ጠፍር በትከሻው ይዞ ሴባስቶፖልን የጎተተው ስሙ ያልተጻፈ ሰው፣ ድንጋይ ይዞ ከጎማው ኋላ የሮጠው ረዳት ትዝ ይሉኛል። እናንተም በዚያ በኩል ስታልፉ ጋሸና ላይ ሞተራችሁን ለአፍታ አጥፉና ጸጥታውን አድምጡ።

መንገዱን ለእንግዳና ለእህል ብቻ ያድርግልን። ቸር እንሰንብት።