የማኅፀን ሐኪም ካትሪን ሐምሊንና የአዋላጆች ትምህርት ቤት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ወሎ የሚጓዝ መንገደኛ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲና ይደርሳል። ተራራው በጣልያን ዘመን ተቦርቡሮ መንገድ ወጥቶለታልና መኪና በጥቂት ደቂቃ ያልፈዋል። ከደብረ ሲና ቍልቍል በወረዱ ጊዜ ደጋው ያልቃል፤ ብርዱ በሙቀት፥ ገብሱ በማሽላ ይለወጣል፤ ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቈላም ከእግር በታች ተዘርግተው ይታያሉ። ይህ ገደልና አቀበት ለመንገደኛ ዓይን ደስታ ነው። ምጥ ለጸናባት የቈላ ሴት ግን ሞትንና ሕይወትን የሚለይ ድንበር ነበረ። መኪናና ሐኪም በሌለበት ዘመን ዘመድና ጎረቤት ቃሬዛ አበጅቶ፥ እየተፈራረቀ ተሸክሞ፥ ያንን ዳገት ሊያወጣት ይነሣ ነበር። ሴቶቹ በበኩላቸው «ማርያም ማርያም» እያሉ እመቤታችንን ሲማጠኑ ያድራሉ። በሰላም ከተገላገለች እልልታው ይቀልጣል፥ ገንፎውም ይገነፋል። እልልታ ያልተሰማበት ቤት ምን እንደ ደረሰበት ግን ማንም ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

ይህም በይፋት ብቻ የነበረ አይደለም፤ በመላው የኢትዮጵያ ደጋና ቈላ ያለ ነገር ነው። ደግሞም ከሞት የተረፈችው ሁሉ ደኅና ሆነች ማለት አልነበረም። ምጡ ሁለትና ሦስት ቀን፥ ከዚያም በላይ በዘገየ ጊዜ የሕፃኑ ራስ በእናቲቱ አጥንት ላይ ተጣብቆ በመካከል ያለውን ሥጋ ይጫነዋል፤ ደም ያልደረሰው ሥጋም ይሞትና ይቀደዳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ ይወለዳል። እናቲቱም ሽንቷን፥ አንዳንድ ጊዜም ዓይነ ምድሯን መያዝ ሳትችል ትቀራለች። ሐኪሞች ይህን ደዌ ፊስቱላ ይሉታል። በሽታው አይገድልም፤ ነገር ግን ከባል፥ ከጎረቤት፥ ከገበያ፥ ከቤተ ክርስቲያንም ደጅ ይለያል። በወንጌል የተነገረላት፥ አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችው ሴት ምን ያህል እንደ ተሰቀቀች ሊያውቅ የሚወድ ሰው የእነዚህን ሴቶች ኑሮ ቢመለከት ይበቃዋል።

ለእነዚህ ሴቶች ዕድሜያቸውን የሰጡት የማኅፀን ሐኪም ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ጥር 15 ቀን 1916 ዓ.ም. በአውስትራልያ አገር በሲድኒ ከተማ ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።) በ1938 ዓ.ም. በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው፥ በዚያው ከተማ ክራውን ስትሪት በሚባለው የሴቶች ሆስፒታል ሥራ ያዙ። የሆስፒታሉ ሹም የኒው ዚላንድ ተወላጅ የሆኑት ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ነበሩ። ሁለቱ በ1942 ዓ.ም. ተጋቡ፤ አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ። ሁለቱም እግዚአብሔርን የሚፈሩ፥ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ያደጉ ክርስቲያኖች ነበሩ።

ወደ ኢትዮጵያ ያመጣቸው ነገር ትንሽ ማስታወቂያ ናት። ላንሴት በሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም የማኅፀን ሐኪም እንደሚፈልግ አሳውቆ ነበር። የተፈለገው መምህር ነው፤ የሚፈለገውም ፍሬ አዋላጅ ነው። ይህን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ስለ ሐምሊኖች ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነውና።

ሆስፒታሉ የተጠራበት ስምም ቢሆን ያለ ምክንያት አልነበረም። ልዕልት ፀሐይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። በስደት ዘመን በለንደን በሕፃናት ሆስፒታል የአስታማሚነት ሙያ ተምረው በ1931 ዓ.ም. ማስረጃቸውን ተቀበሉ፤ አገር ነጻ ከወጣ በኋላም ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል በሽተኛ አስታመሙ። በ1934 ዓ.ም. ትዳር ይዘው ወደ ነቀምቴ ወረዱ። ጥቂት ወራት እንደ ተቀመጡም፥ ነሐሴ 11 ቀን በዚያው ዓመት ከእርግዝና በመጣ ሕመም ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው ገና 23 ዓመት አልሞላም። የንጉሠ ነገሥት ልጅ፥ ራሷም ሕክምና የተማረች ሴት ከእርግዝና ሞት ካላመለጠች፥ በይፋት ቈላ ያለች የገበሬ ሚስት ምን ተስፋ ነበራት? ሆስፒታሉ ለልዕልቲቱ መታሰቢያ ሲሠራ እንግሊዛዊቱ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በአገራቸው ገንዘብ በመሰብሰብ ብዙ ደክመዋል።

ሐምሊኖች በ1951 ዓ.ም. ከልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር። ገና እንደ ደረሱ አንድ የሙያ ባልንጀራ የፊስቱላ ሕመምተኞችን ሲያዩ ልባቸው እንደሚሰበር ነገራቸው። እነርሱ እንዲህ ያለ በሽታ በመጽሐፍ እንጂ በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ በአገራቸው ከጠፋ ቆይቷልና። ሴቶቹ ግን መምጣት ጀመሩ። ከሩቅ አገር በእግር የመጡ፥ በአውቶቡስ ሌላው ተሳፋሪ የተጸየፋቸው፥ በሆስፒታሉ ደጅ ቆመው የሚጠብቁ ነበሩ።

ሐምሊኖች ሕክምናውን ራሳቸው መማር ነበረባቸው። አሜሪካዊው ማርዮን ሲምስ የመጠገኑን ዘዴ በ1844 ዓ.ም. ጽፎ አውጥቶ ነበር። ዘዴውን ያገኘው ግን በባርነት ቀንበር ሥር የነበሩ፥ እንቢ ለማለት ሥልጣን የሌላቸውን ጥቍር ሴቶች ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ በመቅደድ ነው፤ ከእነርሱ አንዲቱን አናርካን 30 ጊዜ ያህል ቀዷታል። ይህ ሳይነገር ሲምስን ማመስገን አይገባም። ሐምሊኖች ከዚህ ይልቅ የቀረበ መምህር በግብፅ አገኙ፤ እርሳቸውም የካይሮው የማኅፀን ሐኪም ናጊብ ማሕፉዝ ፓሻ ናቸው። እኒህ ሰው የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሲሆኑ የፊስቱላን ጥገና ከሁሉ አጥብቀው የመረመሩና በሥዕል ያስረዱ ሊቅ ነበሩ። በ1904 ዓ.ም. በካይሮ አንዲት ሴት በምጥ ተጨንቃ ሳለ ደርሰው ልጇን በሰላም አወለዷት፤ ወላጆቹም ሕፃኑን በሐኪሙ ስም ናጊብ ማሕፉዝ ብለው ጠሩት። ያ ሕፃን አድጎ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው የታወቀው ደራሲ ነው። ዓለም ደራሲውን ያውቃል፤ ሐኪሙን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

በዚህ መካከል የመጡበት ሥራ ተሰናከለ። የአዋላጆቹ ትምህርት ቤት አሥር ያህል አዋላጆች ብቻ ካወጣ በኋላ መንግሥት ዘጋው። ሐምሊኖች ውላቸው ባለቀ ጊዜ ቢመለሱ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር፤ እነርሱ ግን ቀሩ። ሲያዋልዱም፥ ሲቀዱም፥ የፊስቱላ ሴቶች የሚያርፉበትን ቤት በሆስፒታሉ ግቢ ሲያሠሩም ዓመታት አለፉ።

በዚያ ቤት ካረፉት አንዲቱ ማሚቱ ጋሼ ናት። ልጅ ሳለች ተድራ፥ በመጀመሪያ ምጧ ለቀናት ተሠቃይታ ሕፃንዋን ካጣች በኋላ ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጣች። ፊደል አልቈጠረችም ነበር። ስትታከም አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፤ ቀጥሎም ለዶክተር ሬጂናልድ መሣሪያ ማቀበልን ተማረች። እጅዋ ጸጥ ያለ፥ ዓይኗም የማይስት መሆኑን ስላዩ ሐኪሞቹ የጥገናውን ሥራ አስተማሯት። በኋላ ከውጭ አገር የሚመጡ ሐኪሞች ጥበቡን ከእርሷ ይማሩ ጀመር። በ1981 ዓ.ም. የለንደኑ የንጉሣዊ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለሐምሊኖችና ለእርሷ የወርቅ ሜዳይ ሰጠ። በብዙ ሺህ የሚቈጠር ገንዘብ ከፍሎ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሐኪም፥ በሽተኛ ሆና ከገባች የገጠር ሴት እጅ ሲማር ማየት በሕክምና ታሪክ ተደጋግሞ የሚገኝ አይደለም።

ሐምሊኖች ለፊስቱላ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ለማሠራት ብዙ ዘመን ገንዘብ ሲለምኑ ኖረው፥ ግንቦት 16 ቀን 1967 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ተከፈተ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ ዓመት አልሞላም፤ የውጭ አገር ሰውም ጓዙን እየጠቀለለ የሚወጣበት ጊዜ ነበር። እነርሱ በዚያ ሁሉ ዘመን ደጃቸውን አልዘጉም። ሕክምናው ያለ ክፍያ ነው፤ የዳነችው ሴት አዲስ ቀሚስ ለብሳ፥ የመንገድ ገንዘብ ተሰጥቷት ወደ አገርዋ ትመለሳለች። ስለ ቀሚሱ መናገር ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ለዓመታት ልብሷ ስለ ሸተተ ሰው የሸሻት ሴት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ከሰው ጋር አውቶቡስ ስትሳፈር ምን እንደሚሰማት መገመት አያዳግትም።

ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሌ 28 ቀን 1985 ዓ.ም. ዐረፉ። ዶክተር ካትሪን የ69 ዓመት ሴት ነበሩ። ብዙ ሰው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ ብሎ ሲጠብቅ እርሳቸው ሆስፒታሉን ብቻቸውን ይመሩ ጀመር። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ከፊተኛው አያንስም። በባሕር ዳር፥ በመቀሌ፥ በይርጋለም፥ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፍ ሆስፒታሎች ተከፈቱ። በሆስፒታሎቹ የታከሙት ሴቶች ቍጥር ከ60,000 አለፈ።

ይሁን እንጂ ዶክተር ካትሪንን ዕረፍት የነሣቸው ይኸው ቍጥር ነበር። 60,000 ሴት ተጠገነች ማለት 60,000 ሴት አስቀድሞ ተጐድታለች ማለት ነውና። ከእነዚህም የአብዛኞቹ ሕፃን ሞቶ ተወልዷል፤ እርሱን የሚመልስ ቀዶ ሐኪም የለም። ከዳገቱ በላይ የሚቀመጥ የተመሰገነ ሐኪም ጉዳት ከደረሰ በኋላ ይጠግናል፤ ከዳገቱ በታች በመንደር የምትቀመጥ አዋላጅ ግን ምጡ እንደሚጸና አስቀድማ አይታ፥ ሴቲቱን በጊዜዋ ትልካለች። ስለዚህ ኒው ዮርክም ካይሮም ያልሠሩትን ማድረግ እንደሚገባ ዶክተር ካትሪን አስተዋሉ፤ እርሱም በ1951 ዓ.ም. ወደ ተጠሩበት ወደዚያው ሥራ መመለስ ነበር።

በ2000 ዓ.ም. የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ በአዲስ አበባ ዳር ተከፈተ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ከተዘጋ አርባ ዓመት አልፏል፤ መሥራቺቱም 83 ዓመታቸው ነበር። ተማሪዎቹ የሚመረጡት ከገጠር ነው። አራት ዓመት ተምረው በዲግሪ ይመረቁና ተመልሰው ባደጉበት አውራጃ ይመደባሉ። ይህ ሥርዓት ብልህነት ያለበት ነው። የከተማ ልጅ ቈላ ብትላክ ዓመት ሳትሞላ ዝውውር መጠየቅዋ አይቀርም፤ የአገሩን ቋንቋና ዘመድ የምታውቀው ግን የምትመለሰው ወደ ቤትዋ ነው። ምጥ የያዛት ሴትም የእገሌን ልጅ አትፈራትም። በኦሪት ዘፀአት የተመሰገኑት አዋላጆች ሲፓራና ፉሐም ለሕዝባቸው እንግዳ አልነበሩም።

ክብር ለዶክተር ካትሪን ዘግይቶ መጣ፥ ከመጣም በኋላ በዛ። በ2002 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የክብር ዜግነት ሰጣቸው፤ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያም የባልና ሚስቱ ሐውልት በሆስፒታላቸው ተመረቀ። ሐውልቱ የቆመው ለሁለቱ ሐኪሞች ነው። ለእነዚያ ለመጀመሪያዎቹ አሥር አዋላጆች ግን መታሰቢያ አልቆመላቸውም፤ ስማቸውንም የሚጠራ የለም።

በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም፥ መጋቢት 9 ቀን፥ የመስቀሉ በዓል ዋዜማ፥ ዶክተር ካትሪን በሆስፒታሉ ግቢ ባለው ቤታቸው በ96 ዓመታቸው ዐረፉ። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ለሦስት ዓመት ነበር፤ የቈዩት 61 ዓመት ነው።