ስሟ ከእኛ፣ ገበያዋ ከሌላ፦ የሰማያዊዋ ቁጥቋጦ ታሪክ

ጂንስ ሱሪ የሌለው እስቲ እጁን ያውጣ! … ጠርጥረን ነበር። ያ በታጠበ ቁጥር እየደበዘዘ የሚያምረው ሰማያዊ ኢንዲጎ ይባላል። ዛሬ የሚመረተው በፋብሪካ ነው። ጃኮብ ዴቪስና ሌቪ ስትራውስ እ.ኤ.አ. በ1873 የሱሪያቸውን የፈጠራ መብት ሲያስመዘግቡ ግን ሰማያዊው ከቅጠል ይጨመቅ ነበር። የዛሬው ወጋችን ስለዚያ ቅጠል ነው። ፓሪስን፣ መቅደላንና ጃቫን ዞረን ሐርቡ ስለምንገባ ትንሽ ታገሡን።

ኢንዲጎ የሚሰጡ ዕፅዋት ብዙ ናቸው። በቅጠሏ የቀለም ብዛት ከተመሰገኑት አንዷ በሳይንስ ስሟ ኢንዲጎፌራ አሬክታ ትባላለች። ከሰው ቁመት በላይ ልታድግ የምትችል ቁጥቋጦ ስትሆን ዘመዶቿ ባቄላና አተር ናቸው። በአፍሪካ በብዙ አገር፣ በእኛም አገር ሳይዘሯት ትበቅላለች። ይህ ስሟ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1847 ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር ባዘጋጀው «ቴንታሜን ፍሎሬ አቢሲኒኬ» በተባለ የአቢሲኒያ ዕፅዋት መጽሐፍ ነው። በዚያው መጽሐፍ ሌላም ቀለም አለ፤ እናቶቻችን እጅና እግራቸውን የሚያስውቡባት እንሶስላ! ሪሻር «ኢምፓሸንስ ቲንክቶሪያ» አላት። የኋለኛው ቃል በላቲን ለማቅለሚያ የምትሆን ማለት ነው።

መጽሐፉ በቀላሉ የተገኘ እንዳይመስላችሁ። ዕፅዋቱን ለፓሪስ ከሰበሰቡት ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች አንዱ ካርተን ዲዮን እዚሁ በንዳድ ሞተ። ሌላው አንቷን ፔቲ ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። ሦስተኛው ሰብሳቢ ጀርመናዊው ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 መጥቶ በዚያው ቀረ፤ አገር ለመደ፣ አገባ፣ ወለደ። ዐፄ ቴዎድሮስ ይዘዋቸው ከነበሩት አውሮፓውያንም አንዱ ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተለቀቁት ጋር ነፃ ወጣ። ወሎም በዚህ ታሪክ ውስጥ እንዲህ በጎን በር ገብታለች።

አሁን ወደሚቆጨን ነገር እንምጣ። ቁጥቋጦዋ ደጃችን እያለች፣ ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የመጡ መንገደኞች የጻፉት ስለ ሌላ ሰማያዊ ነው። ከሕንድ፣ ከሱራት ወደብ ተነሥቶ በምጽዋ በኩል ስለሚገባው ሰማያዊ ጨርቅ! ሸማኔው ከባሕር ማዶ የመጣውን ባለ ቀለም ጨርቅ ይተረትርና ክሩን ለሸማው ጥለት ይሸምንበት ነበር። የሰው ድካም ተርትሮ እንደገና መሥራት ማለት ነው። የክርስቲያኑ የአንገት ማተብም ሰማያዊ ነበር።

«ዘራችንን ሰርቀው ከበሩበት» ብለን ብንፎክር ደስ ይለን ነበር፤ እውነቱ ግን አያስፎክርም። ሆላንዶች በ19ኛው መቶ ዓመት ይህችኑ ዝርያ ጃቫ ወስደው ሲተክሉ ዘሩ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ፣ ከናታል ነው፤ ለዚህም «የናታል ኢንዲጎ» ተባለች። ከሌሎቹ የበለጠ ቀለም ስለምትሰጥ በኋላ የሕንድ የቢሃር ባለ እርሻዎችም ከጃቫ አስመጧት።

ደግሞስ የኢንዲጎ እርሻ ያልደረሰብን መሆኑ ጉዳት ብቻ ነው? በቤንጋል ገበሬው ለምግብ በሚሆን መሬቱ ላይ ኢንዲጎ እንዲዘራ በቅድሚያ ብድር ይታሰር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1859 አንዘራም ብሎ ተነሣ። በቢሃር ቻምፓራን ደግሞ ጭሰኛው ከመሬቱ ከሃያው ሦስቱን እጅ ለኢንዲጎ እንዲያውል ይገደድ ነበር። ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1917 የገበሬውን አቤቱታ ሊሰማ ሄዶ «አካባቢውን ለቀህ ውጣ» ሲባል አልወጣም አለ። በሕንድ የመጀመሪያው የሰላማዊ እምቢተኝነት ትግሉ ይኸው ነው። በዓመቱ ግዴታው በሕግ ቀረ። ስለዚህ የእኛዋ ቁጥቋጦ በመንገድ ዳር ተረስታ መኖሯ፣ ከእኛ ለአንዳንዶቻችን፣ ከቁጭቱ ይልቅ ምሕረቱ ይበዛል። ለሌሎቻችን አይዋጥልንም፤ ገበሬውን ያሰረው አገዛዙ ነው እንጂ ቅጠሉ አይደለም። ክርክሩ በመካከላችን እስከ ዛሬ አልተፈታም።

የቅጠሉን ዘመን የዘጋው ኬሚስትሪ ነው። ጀርመናዊው አዶልፍ ፎን ባየር ኢንዲጎን በቤተ ሙከራ ሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ1897 ደግሞ ባስፍ የተባለው ኩባንያ ሰው ሠራሹን ለገበያ አቀረበ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሕንድ እርሻዎች ተንኮታኮቱ። ኮምቦልቻ በደርግ ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ስታገኝ ዓለም ጂንሱን በፋብሪካ ቀለም መንከር ከጀመረ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈው ነበር።

የቀረን ጓሮ ነው። ቁጥቋጦዋ ሙቀትና ፀሐይ ትወዳለች፤ የደሴ ብርድ አይስማማትም። ከደሴ ቁልቁል ወርዳችሁ፣ ኮምቦልቻን አልፋችሁ በከሚሴ መንገድ ስትቀጥሉ የምታገኟት ሐርቡ ግን ቆላ ናት፤ ለእንዲህ ያለ ሙከራ የተመቸች። ጓሮ ከሌለ የዘይት ጀሪካን ቆርጦ፣ ታቹን በስቶ አፈር መሙላት ይበቃል። የዘሩ ልብስ ጠንካራ ስለሆነ ውኃ ቶሎ አያስገባም፤ ከሻካራ አሸዋ ጋር በመዳፍ አሸት አሸት አድርጎ ለብ ባለ ውኃ ማሳደር ነው። ከዚያ አፈር ስስ አድርጎ ማልበስ። ከሞቀውና እርጥበት ካገኘ በሳምንት ገደማ ብቅ ይላል። ውኃ ማጨቅየት አያስፈልግም።

ቅጠሉ የሚቆረጠው ከጥቂት ወራት በኋላ አበባ ሊይዝ ሲል ነው። ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ሰማያዊ የሚባል ነገር የለበትም። በባልዲ ውኃ ተነክሮ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ያድራል። ቅጠሉ ወጥቶ ውኃው ላይ ጥቂት ኖራ ይጨመራል (ዓይናችሁን ጠብቁ!)፤ ከዚያ ከባልዲ ወደ ባልዲ እየገለበጡ አየር ማስገባት። አረፋው ሰማያዊ ይሆናል፤ ሲረጋ ቀለሙ ከታች ይዘቅጣል። ከአንድ ባልዲ ሙሉ ቅጠል የሚገኘው በጣም ጥቂት ነው፤ ለሱሪ አትመኙ፣ ለሻርፕ ይበቃችሁ ይሆናል።

ዝቃጩ ደግሞ በውኃ ብቻ አይሟሟም። የድሮዎቹ አቅላሚዎች ፉርሽካና አመድ የመሰለ ነገር ጨምረው ሞቅ ባለ ቦታ ያብላሉት ነበር፤ ሽታው ጎረቤት ያጣላል። ጨርቁ ከዚያ ሲወጣ ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ ነው። ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየር ሲያገኘው፣ ዓይናችሁ እያየ፣ ሰማያዊ ይሆናል። ጠቆር እንዲል የፈለገ ደግሞ ይነክረዋል።