የአቼቤ አገር ሰዎች በካሜራ ፊት

ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ ያደገባት ኦጊዲ ከኒጀር ወንዝ በስተምሥራቅ፣ በኦኒቻ ከተማ አቅራቢያ የምትገኝ የኢግቦ ሕዝብ መንደር ናት። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመው የመጀመሪያ ልቦለዱ የዚህን ሕዝብ ሕይወት ለዓለም አንባቢ አስተዋወቀ። ነገር ግን አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1930 ከመወለዱ ሃያ ዓመት ያህል አስቀድሞ ያንኑ ሕዝብ በካሜራ የመዘገበ ሰው ነበር።

ሰውየው ኖርዝኮት ቶማስ ይባላል። የሕዝቡን ልማድና ሕግ አጥንቶ እንዲያቀርብ በብሪታንያ የቅኝ አስተዳደር የተቀጠረ አንትሮፖሎጂስት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1910 እስከ 1911 ከኦጊዲ ብዙም በማይርቀው በአውካ አካባቢ እየተዘዋወረ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ዘፈንና ተረትም በሰም ሲሊንደር ቀዳ። ከምስሎቹ ብዙዎቹ ሰዎችን ከፊትና ከጎን ያሳያሉ፤ ከራሳቸውም አጠገብ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ተይዟል። ፊቱ ላይ ኢቺ የተሰኘውን ጠባሳ የያዘ ሽማግሌ በመንደሩ ባለማዕረግ ነው፤ በካሜራው ፊት ግን ባለቁጥር ሆኗል።

አቼቤ ይህን ዓይነቱን አመዘጋገብ በልቦለዱ መደምደሚያ ላይ በብርቱ ምጸት ወግቶታል። የአውራጃው ገዥ ከኦኮንኮ ሬሳ ዘወር ብሎ ሲሄድ የሚያስበው ስለሚጽፈው መጽሐፍ ነው፤ የሟቹ ታሪክ ምዕራፍ ባይሞላ እንኳ አንድ አንቀጽ ይወጣዋል ይላል። አንባቢው ግን የዚያን «አንቀጽ» ሙሉ ታሪክ አንብቦ ጨርሷል። (መልሱ ለቶማስ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለአሠራሩ ነው።)

ያም ሆኖ የገዥ እጅ ነክቷቸዋልና ፎቶግራፎቹ ይቅሩ የሚለው አስተያየት አያስማማኝም። የኦዌሪ አካባቢ ኢግቦዎች አላ ለተባለችው የምድር አምላክ ምባሪ የሚሉትን ቤት ሠርተው በጭቃ ምስሎች ይሞሉት ነበር። በውስጡ አማልክት አሉ፤ እንስሳት አሉ፤ ነጩ ሹምም ሳይቀር አለ። እንግዲህ ገዥው ሕዝቡን በካሜራ ሲያነሣ ሕዝቡም ገዥውን በጭቃ ቀርጾት ነበር! ቤቱ ከተመረቀ በኋላ አይታደስም፤ ዝናብና ምስጥ እንዲያፈርሱት ይተዋል። አቼቤም ስለ ምባሪ በጻፈው ላይ፣ ለሕዝቡ ዋናው ቁም ነገር የመፍጠሩ ተግባር እንጂ የተፈጠረው ዕቃ እንዳልሆነ አስረድቷል። የቅኝ አስተዳደር ሹም የነበረው ጂ. አይ. ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የእነዚህን ቤቶች ፎቶግራፍ ባያነሣ ኖሮ፣ ዛሬ የዚያን ዘመን ቀራጮች የእጅ ሥራ በዓይናችን ለማየት ባልቻልን ነበር። ባለቤቶቹ እንዲፈርስ የፈቀዱትን ማስቀረት ተገቢ ነውን? ጥያቄው ለሙዚየም ሠራተኞች ሁሉ ይመለከታል።

አቼቤ እ.ኤ.አ. በ2013 አረፈ። ከአምስት ዓመት በኋላ በተጀመረ የምርምር ሥራ የቶማስ ፎቶግራፎች ቅጂዎች ወደ ተነሡባቸው መንደሮች ተወሰዱ። ሽማግሎች ምስሎቹን እያገላበጡ ተመለከቱ፤ አንዳንድ ቤተሰቦችም ከቁጥሩ ሰሌዳ አጠገብ የገዛ ቅድመ አያታቸውን ፊት አገኙ።