የሶዶን ኤርፖርት ሣር ማን ያጭዳል?

ሶዶ የአየር መንገድ ኮድ አላት። ቦሌ «ኤ ዲ ዲ»፣ አርባ ምንጭ «ኤ ኤም ኤች» እንደሚባሉት ሁሉ፣ በአየር መንገዶች መዝገብ ላይ የወላይታ ሶዶ ስም «ኤስ ኤክስ ዩ» ነው። ነገሩን የሚያስቅ የሚያደርገው ኮዱ ከአውሮፕላኑ የበለጠ ዕድሜ ማግኘቱ ነው። ሶዶ ላይ መደበኛ በረራ ከቆመ በኋላም ሦስቱ ፊደላት ማንም ሳይሰርዛቸው መዝገቡ ላይ ቀሩ። የእኔ እኩዮች የሆኑ የወላይታ ልጆች «ኤርፖርት ሸኙኝ» ብለው ሲያድጉ፣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አርባ ምንጭ መውረድ ወይም በሻሸመኔ ዞሮ ሐዋሳ መግባት ማለታቸው ነበር።

ስለዚህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግንባታቸውን የተያያዛቸው ስድስት ማረፊያዎች (ያቤሎ፣ ነገሌ ቦረና፣ ጎሬ መቱ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ሚዛን አማንና ወላይታ ሶዶ) በዜና ሲዘረዘሩ የሶዶው «አዲስ» መባሉ ትንሽ ይቆረቁረኛል። ሶዶ ሁለተኛ ዙሯ ነው። ስለ ሁለተኛው ከማውራታችን በፊት እስቲ የመጀመሪያውን እንየው። (ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

በ1920 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ሶዶ የገቡት የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሰዎች መንገዱ በበቅሎ ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል። በዚያው ሰሞን፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ አረፈ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ አስቡት፤ አንዲት አገር ውስጥ በቅሎና አውሮፕላን እኩል ዘመነኞች ነበሩ። ባቡር ወደ ጅቡቲ እንጂ ወደ ደቡብ አልሄደም። መኪና መንገድ ደግሞ ክረምት ሲገባ ጭቃ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ ደብልዩ ኤ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ካይሮ በረረ። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየዓመቱ ኬክ ይቆረስበታል። ኬክ የማይቆረስበት ታሪክ የአገር ውስጡ ነው። እነዚያው ከጦርነት የተረፉ ዲሲ 3 አውሮፕላኖች ወንበራቸው ግድግዳ ተደግፎ፣ መሐሉ ለዕቃ ተለቆ፣ ሰውና ቆዳ፣ ሰውና ቡና አብረው ይጫኑባቸው ነበር። የጅማ ቡና አዲስ አበባ የደረሰው በጭነት መኪና ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በአየርም መጥቷል። ሰማዩ አስፋልት አይፈልግም፤ አገሩም አስፋልት አልነበረውም።

ዲሲ 3 ትልቁ ጸጋው ሣር ላይ ማረፉ ነው። የተስተካከለ ሜዳ፣ የንፋስ ከረጢት የሚሰቀልበት እንጨትና ራዲዮ ካለ ማረፊያ አለ ማለት ነው። ሚዛን ተፈሪ፣ ጎሬ፣ ደምቢ ዶሎ፣ ባኮ (ዛሬ ጂንካ የምንለው)፣ ከኦሞ ማዶ የዳውሮዋ ዋካ፣ ሶዶም፣ እንዲህ ነው የአየር ካርታ ላይ የገቡት። ዛሬ ብዙዎቹን ስም ሰምታችሁ «እዚያ አውሮፕላን?» ልትሉ ትችላላችሁ። አዎ፣ እዚያ አውሮፕላን።

እንዲህ ያለው የሣር ማረፊያ ለአካባቢው ምን ነበር? ፖስታ ነበር፣ መድኃኒት ነበር፣ ደመወዝ ይዞ የሚመጣ ሣጥን ነበር። በሌላው ሰዓት ደግሞ የከብት መሰማሪያና የልጆች ኳስ ሜዳ ነበር። አውሮፕላኑ ሊመጣ ሲል ከብቱ ይባረራል፤ ሲሄድ ከብቱ ይመለሳል። አጥር የለውም። ዝናቡ ሣሩ ላይ ይወርዳል፣ መሬቱ ይጠጣዋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት የሚባል ነገር ማንም አልሠራም፤ የሚጠናም ብዙ ነገር አልነበረም።

ደግሞ አላቆላምጠው። ትኬቱ የወላይታ ገበሬ የሚገዛው አልነበረም። የሚሳፈረው ሹም፣ ነጋዴ፣ ሚስዮናዊ፣ አንዳንዴም በሽተኛ ነው። ሜዳውም ከሰማይ አልወረደም፤ የሰው መሬት ነበር፤ በገባር ዘመን ደግሞ «ይሁን?» ተብሎ የሚጠየቅ ባለ እርሻ የለም። ከብቱ ሜዳው ላይ የሚግጠው ስለተፈቀደለት አይደለም፤ የሚከለክለው ስላልነበረ ነው። ማረፊያው ለጎረቤቱ የሰጠው ጥቅም ሁሉ የድህነቱ ትርፍ ነበር።

ለዚህም ነው ሲያልፍለት የጠፋው። አየር መንገዱ በ1955 ጄት አስገባ፤ ልደታ አልበቃ ብሎ ቦሌ ተሠራ። በየአውራጃው መንገድ በተጠረገ ቁጥር ትንንሾቹ የሣር ሜዳዎች ደንበኛቸውን ለአውቶቡስ አስረከቡ። ሶዶም ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕናና ከአርባ ምንጭ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ መንገድ ላላት ከተማ አውሮፕላን ቅንጦት ሆነ። ማንም ሰልፍ አልወጣም።

ታዲያ አሁን ለምን ተመለሰ? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው። በነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የአስተዳደር መቀመጫው ሆነች። ከ1999 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት። አየር መንገዱም በ2009 የኤርፖርቶች ድርጅትን ጠቅልሎ ስለያዘ ማረፊያ ገንቢውም በራሪውም እርሱ ነው። ምክንያት አይጠፋም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ አሮጌው ማረፊያ በድህነቱ ሳያስበው ይሰጥ የነበረውን፣ አዲሱ በአጥር ተከብቦ፣ በአስፋልት ተሸፍኖ እንዴት ይሰጣል? በአጋጣሚ የማይሆነው በውል መሆን አለበት። ወላይታ ደግሞ በውል የሆነ ነገር አሳይታናለች፤ ከሶዶ ብዙም ሳይርቅ፣ አርባ ምንጭ መንገድ ላይ፣ ሁምቦ።

ሁምቦን በመኪና ያለፈ ሰው ተራራውን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ደኑ ተመንጥሮ አልቆ ነበር። በ1962 ዓ.ም. ገደማ በዓለም ባንክ ብድር የተቋቋመው የወላሞ እርሻ ልማት ድርጅት (ሽማግሌዎች ዛሬም «ዋዱ» ይሉታል) ከደጋው የተጨናነቀ ሕዝብ ወስዶ በሁምቦ ቆላ አበላ ላይ ሲያሰፍር፣ ዘመኑ ቁጥቋጦን ለእርሻ ጠላት አድርጎ የሚያይ ዘመን ነበር። ከዚያ የ1977 ረሃብ መጣ። ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ድንጋይና ደለል እያመጣ የግርጌውን ማሳ ይቀብር ነበር።

በ1999 ወርልድ ቪዥን፣ መንግሥትና ነዋሪው 2,728 ሄክታር ከልለው ሥራ ጀመሩ። ችግኝ ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው እንዳትጠብቁ። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ያገገመው ከመሬት በታች ከነበረ ጉቶና ሥር ነው። ዛፎቹ አልሞቱም ነበር፤ በየዓመቱ ብቅ ሲሉ ለማገዶ ይቆረጣሉ፣ ፍየል ይቀነጥባቸዋል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከጉቶው ከሚወጡት ቡቃያዎች ጠንካራዎቹን ትመርጣለህ፣ ሌላውን ትገርዛለህ፣ ከብት ታርቃለህ። ቀላል ያልሆነው ሰውን ማሳመን ነው። «ደን ብለው ከልለው መሬታችንን ሊወስዱ ነው» የሚል ፍርሃት ነበር፤ የወላይታን የመሬት ጥበት ለሚያውቅ ፍርሃቱ የሞኝ አልነበረም። የፈታው ነገር ስብከት አይደለም። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ የመጠቀም መብታቸው በወረቀት ተሰጣቸው። ከብት አይገባም፤ ሣር ግን አጭዶ መውሰድ ይቻላል።

በ2002 ፕሮጀክቱ በኪዮቶ ስምምነት ሥርዓት ተመዘገበ፤ ለአፍሪካ በዓይነቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ስሌቱ በ30 ዓመት 880,000 ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይስባል የሚል ሲሆን፣ ከዚህ 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ ባዮካርበን ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ለማኅበረሰቡ ከ700,000 ዶላር በላይ የሚያስገኝ ውል ነው። ማኅበራቱ በገንዘቡ ከሠሯቸው ነገሮች መካከል የእህል ወፍጮና የእህል መጋዘን ይገኙበታል።

አሁን እርሳስ አንሡና አብረን እናስላ። አዲስ አበባና ሶዶ በአየር 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። በአገር ውስጥ መስመር የምናውቀው ባለ ሁለት ሞተሩ ኪው 400 ለዚህ በደፈናው 1 ቶን ነዳጅ ይበቃዋል እንበል። 1 ቶን የጄት ነዳጅ ሲቃጠል 3.16 ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በቀን አንድ ደርሶ መልስ ቢኖር በዓመት ወደ 2,300 ቶን ነው። ሁምቦ በአማካይ በዓመት የሚስበው ወደ 29,000 ቶን። ከ12 እጥፍ በላይ!

ለማጨብጨብ አትቸኩሉ። የተሸጠ ካርበን ሁለት ጊዜ አይቆጠርም፤ ባንኩ የገዛውን አየር መንገዱ «የእኔ ማካካሻ» ሊለው አይችልም። ደግሞም ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያጸደቀው የካርበን ማካካሻ ሥርዓት ዓለም አቀፍ በረራን ብቻ ነው የሚመለከተው፤ የአዲስ አበባ–ሶዶን መስመር የሚያስገድደው የለም። ቁጥሩ የሚነግረን አንድ ነገር ነው፦ የአንዲት ትንሽ ከተማ በረራ ዕዳ የአንድ ተራራ ክፋይ ደን የሚከፍለው ዕዳ ነው። ከፋዩ ካለ፣ ተከፋዩ ገበሬ ጎረቤት ነው፤ ኒው ዮርክ ድረስ ደላላ መፈለግ አያሻም።

ለሶዶ ግን ከጭሱ ይልቅ ጎርፉ ቅርብ ነው ባይ ነኝ። 2,500 ሜትር ርዝመትና 45 ሜትር ስፋት ያለው መንደርደሪያ እንበል፤ 112,500 ካሬ ሜትር አስፋልት። 30 ሚሊ ሜትር የሚጥል አንድ የከሰዓት ዝናብ እዚያ ላይ ሲወርድ 3,375 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። ድሮ ሣሩ ይጠጣው ነበር። አሁን በቦይ ይሰበሰብና የሆነ ቦታ ይለቀቃል። የወላይታን ቀይ አፈር የሚያውቅ ሰው «የሆነ ቦታ» የሚለው ቃል ያስደነግጠዋል፤ በጥቂት ክረምት ውስጥ የአንድ ሰው እንሰት ጓሮ ሸለቆ ይሆናል። ያው ውኃ በኩሬ ቢያዝ ደግሞ የበጋ አትክልት ነው። ልዩነቱ የሚወሰነው ሪባን ሲቆረጥ አይደለም፤ የቦዩ ዲዛይን ሲሠራ ነው።

ፀሐይም አለች። የሕንዱ ኮቺን ኤርፖርት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በፀሐይ ኃይል እንደሚሠራ አስታውቋል፤ የደቡብ አፍሪካዋ ትንሿ ጆርጅም እ.ኤ.አ. በ2016 የራሷን የፀሐይ ጣቢያ ከፍታለች። የእኛ መብራት ከግድብ ስለሚመጣ ካርበኑ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ግን መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር ናፍጣ ነው የሚጠጣው። መብራት የሚጠፋው ስንት ጊዜ እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ።

መሬቱስ? ወላይታ ከአገሪቱ እጅግ በተጨናነቁት ገጠሮች ተርታ ነው፤ ከግማሽ ሄክታር በታች ላይ ቤተሰብ የሚያድር አርሶ አደር ብርቅ አይደለም። በ1997 የወጣው አዋጅ 455 በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢውን በ10 ያባዛ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ በ15 እንዲባዛ ደነገገ። መሻሻሉ እውነት ነው። ነገር ግን እንሰት ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ብር ደግሞ በአንድ ክረምት ያልቃል። ከሁምቦ የምንማረው ገንዘቡን ብቻ አይደለም። እዚያ ሰዎቹ የቀጠለ መብት ነው የያዙት፤ የአንድ ጊዜ ክፍያ ተቀብለው አልተሰናበቱም።

በኤርፖርት ውስጥ የቀጠለ መብት ምን ይመስላል? ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ጭነት የመሳሰለው ሥራ እንዳለ ሆኖ፣ ትንሽ የምትመስል ግን እኔን የያዘችኝ ነገር አለች። በማንኛውም ማረፊያ አጥር ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ፣ ሰፊ የሣር መሬት አለ። ሣሩ መታጨድ ግዴታው ነው፤ ካደገ ነፍሳትና አይጥ ይሰበስባል፣ እነርሱ ወፍ ይጠራሉ፣ ወፍ ደግሞ ሞተር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በየጊዜው የሚያጭድ ሰው ይቀጠራል፣ ወይ ማሽን ይገዛል። ከአጥሩ ውጪ ደግሞ በሬ አስሮ የሚያደልብ፣ ለመስከረሙ ጊፋታ ከብት የሚያዘጋጅ፣ በጋ ላይ ሣር በሸክም እየገዛ የሚመግብ ሕዝብ ነው ያለው።

አንድ ወረቀት ነው የሚያስፈልገው፦ ከቦታው የተነሡት ሰዎች ማኅበር፣ መታወቂያ ለብሰው፣ አውሮፕላን በሌለበት ሰዓት ገብተው አጭደው፣ ተሸክመው ይውጡ። ከብቱ ድሮ ሜዳው ላይ ራሱ ይግጥ ነበር፤ አሁን ቤቱ ድረስ ይወሰድለት።